የመንግሥትን መዝገብ በመንግሥት ላይ ያስመሰከረ፦ የሮሜሽ ቻንደር ዳት የሕይወት ታሪክ



በዛሬው ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ ባለታሪክ ሮሜሽ ቻንደር ዳት ይባላል። ሕንዳዊ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ አገልግሏል፤ ደመወዙንም በልቷል። ከሥራ ከወጣ በኋላ ደግሞ የዚያኑ አገዛዝ ሪፖርትና የሒሳብ መዝገብ አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ የሕንድ ገበሬ ለምን እንደሚራብ የሚያስረዳ ታላቅ የታሪክ መጽሐፍ ጽፏል። ታዲያ ይህ ሰው ያገለገለው ማንን ነው? እንግሊዝን ነው ወይስ ሕንድን? ታሪኩን እንከተልና እናንተው ፍረዱ።

አንዳንዱ አንባቢ ሕንድና እኛ ምን አገናኘን ይል ይሆናል። አያቶቻችንና አንጋፋ መምህሮቻችን እኮ በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ ሒሳቡንም ሳይንሱንም ካስተማሯቸው መካከል ብዙዎቹ ሕንዶች ነበሩ። የመምህርን አገር ታሪክ ማወቅ ደግ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የሕንዱን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳት የተወለደው ኦገስት 13 ቀን 1848 በቤንጋል ከተማ በካልካታ ነው። ያን ጊዜ ካልካታ የጠቅላላው የእንግሊዝ ሕንድ ዋና ከተማ ነበረች። የዳት ቤተሰብ ራምባጋን በሚባለው ሠፈር የታወቀ፣ ከእንግሊዞች ትምህርት ጋር ቀደም ብሎ የተዋወቀ፣ ግጥምና መጽሐፍ የሚወድ ቤተሰብ ነው። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ እየጻፈች ስሟ ከወጣ በኋላ ገና በ21 ዓመቷ የሞተችው ቶሩ ዳት ዘመዱ ናት። አባቱ በቅኝ መንግሥቱ ውስጥ የግብር ሹም ስለ ነበሩ፣ ቤተሰባቸውን እያስከተሉ ከአውራጃ አውራጃ ይዘዋወሩ ነበር። ልጁ የቤንጋልን ወንዝና የሩዝ ማሳ ያየው በዚህ ዓይነት ነው።

ደስታው ግን አልቆየለትም። በ1859 እናቱ ሞቱ። በ1861 ደግሞ አባቱ በጀልባ አደጋ ሰጥመው ቀሩ። ዳት ያን ጊዜ ዕድሜው አሥራ ሦስት እንኳ በቅጡ አልሞላም። እሱንና ወንድሞቹን ያሳደጓቸው አጎታቸው ሾሺ ቻንደር ዳት ናቸው። አጎትየው ደራሲ ነበሩ፤ ማታ ማታ ልጆቹን ከብበው ተቀምጠው የእንግሊዝ ባለቅኔዎችን ያስነብቧቸው ነበር። ዳት እንግሊዝኛን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋው የለመደው ከትምህርት ቤቱ ይልቅ እዚያ ምሽት ላይ ሳይሆን አይቀርም። በ1864 የካልካታው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ገባ። በዚያው ዓመት ትዳርም መሠረተ፤ በዘመኑ ልማድ ይህ ለወጣት የሚያስገርም አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ሕንድ ሲቪል ሰርቪስ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የዳት ድፍረት አይገባንም። ያንን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተዳድሩት አንድ ሺህ ያህል ሹማምንት ነበሩ። አውራጃውን የሚገዛው፣ ግብሩን የሚያስከፍለው፣ ፍርዱን የሚሰጠው ይህ የሲቪል ሰርቪስ አባል ነው። መግቢያው የውድድር ፈተና ሲሆን በሕግ ደረጃ ለሕንዶችም ክፍት ነበር። በሕግ ደረጃ! ፈተናው ግን የሚሰጠው ለንደን ላይ ብቻ ነው። የዕድሜ ገደብም አለው። ባሕር መሻገር ደግሞ በብዙ የሂንዱ ቤተሰቦች ዘንድ የሚያረክስ፣ ከጎሣ የሚያስወጣ ነገር ነበር። በርህን ከፍተህ ደረጃውን ማፍረስ ማለት ይህ አይደል? እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዚያ በር ያለፈው ሕንዳዊ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የታላቁ ባለቅኔ የራቢንድራናት ታጎር ታላቅ ወንድም ሳትዬንድራናት ታጎር ነው፤ ፈተናውን በ1863 አለፈ።

ማርች 3 ቀን 1868 ሦስት ወጣቶች ከካልካታ መርከብ ተሳፈሩ። አንዱ ዳት፣ ሁለተኛው የልጅነት ጓደኛው ቢሃሪ ላል ጉፕታ፣ ሦስተኛው ሱሬንድራናት ባነርጂ ናቸው። ዳትና ጉፕታ ለቤተሰቦቻቸው ሳይናገሩ፣ በሌሊት ተሹለክልከው ነው የወጡት። ፈተናውን ቢወድቁ ተመልሰው የሚገቡበት ቤት መኖሩን እንኳ እርግጠኛ አልነበሩም። ለንደን ደርሰው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እየተከታተሉ፣ ቀንና ሌሊት አጠኑ። በ1869 ከሦስት መቶ በላይ ተወዳዳሪዎች ለሃምሳ ቦታ ያህል ተፈተኑ። ሦስቱም አለፉ። ዳት ከጠቅላላው ተፈታኝ ሦስተኛ ወጣ! የእንግሊዝ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው፣ በገዛ አገራቸው ተፈትነው ማለት ነው። እስከ 1871 እዚያው ቆይቶ የሕግ ትምህርቱንም ጨርሶ ተመለሰ።

የሦስቱ ጓደኛሞች ዕድል በኋላ ለየቅል ሆነ። ባነርጂ ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በ1874፣ ከሥራው ተባረረ። ከዚያ መምህር ሆነና ከሕንድ ብሔራዊ ንቅናቄ ታላላቅ ተናጋሪዎች አንዱ ለመሆን በቃ። (ለእኛ ለሠልጣኞች ይህም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ሌላ ጊዜ እንመለስበት ይሆናል።) ዳትና ጉፕታ ግን በመንግሥት ሥራ ገፉ።

ዳት በ1871 በረዳት ዳኝነትና አስተዳደር ሹምነት ሥራ ጀመረ። ሥራ በጀመረ በሁለትና በሦስት ዓመቱ፣ ገና የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ሳይሆን፣ ስለ ቤንጋል ገበሬ ኑሮ በአንድ መጽሔት ላይ መጻፍ ጀመረ። የብዕር ስሙ «አርሲዴ» ነበር፤ የስሙን ሦስት የእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎች አከታትላችሁ ስትጠሯቸው የሚሰጡት ድምፅ ነው። ለካ ያን ያህልም የተደበቀ አልነበረም! ጽሑፎቹ በ1874 «የቤንጋል ገበሬዎች» በሚል ስም መጽሐፍ ሆነው ወጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1793 ጠቅላይ ገዢው ኮርንዋሊስ በቤንጋል አንድ ደንብ አወጣ። ዛሚንዳር የሚባሉት ባላባቶች ለመንግሥት የሚከፍሉት የመሬት ግብር ለዘለዓለም እንዳይጨምር ተወሰነ። ባላባቱ ተጠቀመ፤ መንግሥትም ገቢው ተረጋገጠለት። ጭሰኛው ግን ለባላባቱ የሚከፍለው ኪራይ ልክ የሚያበጅለት አልተገኘም። ወጣቱ ሹም የጻፈው ይህንን ነው። መንግሥት ለባላባቱ የሰጠውን ዋስትና ለጭሰኛውም ይስጥ፣ ኪራዩም ይወሰን የሚል ነበር ሐሳቡ። ይህን ያለው ከሥራ ውጪ ሆኖ ሳይሆን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው። ባላባቶቹ አልወደዱለትም። ክርክሩ ግን ሳይቋረጥ ቀጥሎ፣ በ1885 ለጭሰኛው የተወሰነ መብት የሚሰጠው የቤንጋል የጭሰኝነት ሕግ ወጣ። በዚያ ሕግ ዝግጅት ጊዜ ዳት ሐሳቡን ካቀረቡት ሹማምንት አንዱ ነበር።

መጽሐፉ በወጣበት በ1874 በቤንጋልና በቢሃር ዝናብ ጠፍቶ ስለ ነበር፣ ዳት መሄርፑር በሚባል ቦታ የዕርዳታ ሥራ ላይ ተመደበ። በዚያ ዓመት መንግሥት ከበርማ ብዙ ሩዝ አስመጥቶ ሕዝቡን ስለ መገበ የሞተው ሰው ጥቂት ነበር። የሚገርመው፣ ለዚህ የተደረገው ወጪ በዛ ተብሎ ሹማምንቱ ተወቀሱ! ከሁለት ዓመት በኋላ በደቡብና በምዕራብ ሕንድ የባሰ ድርቅ ሲመጣ ታዲያ፣ ወጪ እንዳይበዛ ተብሎ እጅ ተሰበሰበ። ከ1876 እስከ 1878 በነበረው በዚያ ረሀብ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለቀ። እህል በመርከብ ወደ ውጭ መላኩም አልቆመም ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1877 ደግሞ እንደራሴው ሊቶን ንግሥት ቪክቶሪያ የሕንድ ንግሥተ ነገሥት መባሏን ለማብሰር ዴልሂ ላይ ታላቅ ግብዣ ደግሶ ነበር።

ዳት ያን ጊዜ የነበረው ሌላ መከራ መካከል ነው። ኦክቶበር 31 ቀን 1876 ሌሊት ከባሕር የተነሣ አውሎ ነፋስ የሜግና ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበትን አካባቢ መታው። ከአውሎ ነፋሱ ጋር የመጣው ማዕበል ደሴቶቹን በላያቸው ላይ ሄደባቸው። በአንድ ሌሊት መቶ ሺህ ያህል ሰው ሰጠመ ተብሎ ይገመታል፤ ከዚያ በኋላ በተከተለው ኮሌራና ረሀብ ደግሞ ይህንኑ ያህል ሰው ሞቷል። የሃያ ስምንት ዓመቱ ዳት ከተጎዱት ደሴቶች አንዷ ወደ ሆነችው ወደ ዳኪን ሻህባዝፑር ተላከ፤ ዛሬ ብሆላ የምትባለው የባንግላዴሽ ደሴት ናት። የተረፈውን ሕዝብ መመገብ፣ በሽታውን መከላከል፣ ባለቤት አልባ የሆነውን ከብትና ንብረት ከዘራፊ መጠበቅ፣ አስተዳደሩን እንደገና ማቆም ነበር ሥራው። አባቱን ውኃ የወሰደበት ልጅ ውኃ የበላውን ሕዝብ ሊያቋቁም ሄደ ማለት ነው። ሥራውን በሚገባ በመወጣቱ ስሙ በአለቆቹ ዘንድ ተመዘገበ። እኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው ሌላው ነገር ይመስለኛል፤ ረሀብ ምን እንደሚመስል ያወቀው ከሪፖርት ሳይሆን ከሰው ፊት ላይ ነው።

አሁን ወደ ብዕሩ እንመለስ። ዳት በእንግሊዝኛ እንጂ በቤንጋሊኛ መጻፍ አስቦ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ባንኪም ቻንድራ ቻተርጂ አገኘው። ባንኪም የቤንጋሊኛ ልብ ወለድ አባት የሚባል ሲሆን እሱም የመንግሥት ሹም ነው። ለምን በራስህ ቋንቋ አትጽፍም ብሎ ጠየቀው። ዳትም ቤንጋሊኛን በሚገባ እንዳልተማረ፣ የአጻጻፍ ስልቱንም እንደማያውቅ ተናገረ። ባንኪም የመለሰለት ነገር የታወቀ ነው፤ እናንተ የተማራችሁት ሰዎች የምትጽፉት ሁሉ ራሱ ስልት ይሆናል፣ ስልቱን የምትፈጥሩት እናንተ ናችሁ ዓይነት ምላሽ ነበር። አክሎም ዘመዶችህ በእንግሊዝኛ የጻፉት አይቆይም፣ በአገር ቋንቋ የሚጻፈው ግን ይኖራል አለው። ይህ ነገር ዳትን ወጋው። ከ1874 ጀምሮ እስከ 1879 አራት የታሪክ ልብ ወለዶችን በቤንጋሊኛ ጻፈ። የማራታዎችንና የራጅፑቶችን ተጋድሎ ለቤንጋል ወጣት ያስነበበው በእነዚህ ነው። በ1886 ባወጣው «ሳምሳር» በተባለው ልብ ወለዱ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት እንደገና የማግባት መብት እንዳላት በድፍረት አሳየ።

ከሁሉ ይልቅ ጫጫታ ያስነሣው ግን ትርጉሙ ነው። ሪግቬዳ የተባለውን የሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፍ ከ1885 ጀምሮ ወደ ቤንጋሊኛ ተርጉሞ አሳተመ። ዳት ብራህሚን አይደለም፤ ካያስታ ከሚባለው ወገን ነው። ካህን ያልሆነ ሰው፣ ያውም ባሕር የተሻገረ፣ ቅዱሱን ቃል ለማንም አንባቢ እንዴት ይዘረግፋል ተብሎ ተጮኸ። በዚህ ጊዜ ከጎኑ የቆሙለት ኢሽዋር ቻንድራ ቪድያሳጋር ናቸው። ቪድያሳጋር ራሳቸው ብራህሚንና የሳንስክሪት ሊቅ ሲሆኑ፣ የቤንጋል ልጆች ለብዙ ዘመን ፊደል የቆጠሩበትን የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1855 ያዘጋጁ መምህር ናቸው። መምህር እንዲህ ነው እንጂ!

አንድ ጨዋታ ልጨምርላችሁ። ዳት የመጀመሪያ ልጁን ሲድር ባንኪም በሠርጉ ላይ ተገኘ። ዳት እንደ ወጉ የአበባ ጉንጉን ሊያጠልቅለት ሲል፣ ባንኪም ጉንጉኑን ተቀብሎ አጠገቡ ለቆመ አንድ ወጣት አንገት ላይ አደረገው፤ የሚገባው ለዚህ ልጅ ነው፣ ግጥሞቹን አላነበብክም ወይ ብሎ ዳትን ጠየቀው። ወጣቱ ራቢንድራናት ታጎር ነበር። በ1913 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ታጎር ይህቺን ቀን ትዝታውን በጻፈበት መጽሐፍ ውስጥ አንስቷታል።

በመንግሥት ሥራው በኩል ዳት ለሕንዳዊ ያልተደረሰበት ደረጃ ደረሰ። በ1883 የባካርጋንጅ አውራጃ ገዢ ሆነ፤ ሕንዳዊ ሹም ሙሉ አውራጃ በኃላፊነት ሲይዝ ከዳት በፊት አልታየም። በ1894 በአውራጃዎች ላይ የበላይ የሆነውን የኮሚሽነርነት ሥልጣን በቡርድዋን ያዘ፤ በዓመቱ ደግሞ በኦሪሳ። እንግሊዞች ከሥሩ ሆነው ሠሩ። በ1892 ኒሻንም ተሰጠው። ይሁንና ጣራው የት ላይ እንዳለ ያውቅ ነበር። ጓደኛው ጉፕታ በ1882 አንድ ማስታወሻ ለመንግሥት ጽፎ ነበር፤ በገጠር የሚሠራ ሕንዳዊ ዳኛ አውሮፓዊ ተከሳሽን ለምን መዳኘት አይችልም የሚል። ከዚያ የኢልበርት ረቂቅ ሕግ መጣ። በሕንድ የነበሩ አውሮፓውያን እንደ ንብ ተነሡ። በ1884 መጀመሪያ ላይ ሕጉ ጥርሱ ወልቆ ጸደቀ። ያው ፈተና ያለፉ፣ ያው ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ግማሽ ዳኛ ሆነው ቀሩ።

በ1897 ዳት ገና በ49 ዓመቱ ሥራውን በፈቃዱ ለቀቀ። ለምን? ሹም የፈለገውን መጻፍ አይችልማ። ወደ ለንደን ሄዶ በተማረበት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሕንድ ታሪክ አስተማሪ ሆነ። ማሃባራታንና ራማያናን አሳጥሮ በእንግሊዝኛ ግጥም ያሳተመውም በእነዚህ ዓመታት ነው። ግን ያን ጊዜ ሕንድ እንደገና እየተራበች ነበር። በ1896 እና በ1897 አንድ ጊዜ፣ በ1899 እና በ1900 ሁለተኛ ጊዜ ረሀብ ገባ። በ1899 መጨረሻ ዳት በሉክናው ከተማ የተካሄደውን የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ጉባዔ በሊቀ መንበርነት መራ። በ1900 ደግሞ ለእንደራሴው ለሎርድ ከርዘን አምስት ግልጽ ደብዳቤዎች ጻፈ።

የደብዳቤዎቹ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ዝናብ መጥፋቱ የሰማይ ነው፤ ሰው መሞቱ ግን የሰማይ ብቻ አይደለም። በአንድ ወገን ድርቅ ሲሆን በሌላው ወገን እህል አለ። ገበሬው ግን እህሉን የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ በደጉ ዓመት ያፈራውን ግብሩ ወስዶበታል፣ የቀረውን አራጣ አበዳሪው። ጎተራው ባዶ የሆነ ሰው አንድ ክረምት ቢያልፈው ይወድቃል። ስለዚህ የመሬት ግብሩ ይቀነስ፣ በየጊዜው በዘፈቀደ አይጨመር፣ የመስኖ ሥራ ይስፋፋ አለ። በእኛ አቆጣጠር የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሀብ ከወላጆቻችን አፍ እየሰማን ላደግን ልጆች ይህ ክርክር ሩቅ አይመስልም።

ከርዘን ኩሩ ሰው ነው፤ ሆኖም ደብዳቤዎቹን ንቆ አልተዋቸውም። ለየክፍለ ሀገሩ መንግሥታት ልኮ መልስ ሰበሰበና ጃንዋሪ 1902 ረጅም ይፋዊ ምላሽ አወጣ። ረሀብን የሚያመጣው ድርቅ እንጂ ግብር አይደለም ሲል ተከራከረ። እንዲህም ሆኖ ግብር ሲጨመር ቀስ በቀስ እንዲሆን፣ አዝመራ በጠፋ ጊዜም እንዲቃለል የሚሉ ነጥቦችን ተቀበለ። አንድ ጡረተኛ ሹም የዚያን ግዛት ገዢ መጽሐፍ የሚያህል መልስ አስጻፈው ማለት ነው።

ዳት ግን ደብዳቤ አልበቃውም። ሥሩን ፍለጋ ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። በ1902 «የሕንድ የኢኮኖሚ ታሪክ» የሚባለውን የመጀመሪያ ቅጽ፣ በ1904 ሁለተኛውን አወጣ። የመጀመሪያው ከ1757 እስከ 1837 ያለውን፣ ሁለተኛው የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን ይይዛል። የመጽሐፉ ኃይል ያለው በምስክሮቹ ላይ ነው። ዳት የጠራቸው ምስክሮች የሕንድ ተቃዋሚዎች አይደሉም፤ የእንግሊዝ ፓርላማ ያሳተማቸው ሪፖርቶች፣ በየኮሚቴው ቀርበው ቃላቸውን የሰጡ እንግሊዛውያን ነጋዴዎችና ሹማምንት ናቸው። እሱ ራሱ ለሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲጽፍ ስለኖረ ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥ፣ ቁጥሩም ምን እንደሚደብቅ ያውቅ ነበር።

እስቲ ጥቂት እንይ። የሕንድ ሸማኔ በዓለም የታወቀ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን የሕንድ ጨርቅ እንግሊዝ አገር ሲገባ በዋጋው ላይ ሰባና ሰማንያ በመቶ ቀረጥ ይጣልበት ነበር። እንዲህ ባይደረግ ኖሮ የማንቸስተር ፋብሪካዎች ገና ሲወለዱ በሞቱ ነበር ብለው የመሰከሩ የእንግሊዝ ጸሐፊዎችን ዳት ያቀርባል። በ1840 በፓርላማ በተደረገው ምርመራ ደግሞ የእንግሊዝ የጥጥ ጨርቅ ሕንድ ሲገባ የሚከፍለው ሦስት ተኩል በመቶ፣ የሕንዱ ግን እንግሊዝ ሲገባ አሥር በመቶ ሆኖ ተገኘ። በሐር ላይ የባሰ ነው፤ ሦስት ተኩል ለአንዱ፣ ሃያ ለሌላው። ሸማኔው መወርወሪያውን ጥሎ ወደ መሬት ሄደ። መሬቱ ላይ ደግሞ የሚጠብቀው ግብር ነው።

ስለ መሬት ግብሩም ዳት እንግሊዝንና ሕንድን አስተያየ። በእንግሊዝ አገር በ1698 እና በ1798 መካከል የመሬት ግብር ከመሬቱ ኪራይ ከአምስት እስከ ሃያ በመቶ ሲሆን፣ በቤንጋል መጀመሪያ ላይ ከዘጠና በመቶ በላይ፣ በሰሜን ሕንድ ከሰማንያ በመቶ በላይ ነበር። ሌላም አለ። እስከ 1900 ድረስ ለባቡር ሐዲድ 225 ሚሊዮን ፓውንድ ሲወጣ፣ ለመስኖ የወጣው 25 ሚሊዮን ብቻ ነው። ለተራበ አገር የቱ ይቀድም ነበር? በመጨረሻም በየዓመቱ ወደ እንግሊዝ የሚሄደውን ገንዘብ፣ የብድሩን ወለድ፣ የጡረታውን፣ የለንደኑን መሥሪያ ቤት ወጪ ሁሉ ደምሮ፣ ከሕንድ የተጣራ ገቢ ግማሹ ከአገር ይፈሳል ሲል አሳየ። ይህን የሀብት መፍሰስ ከእሱ በፊት ዳዳብሃይ ናኦሮጂ አንስተውታል። ዳት ግን የመቶ ሃምሳ ዓመት ታሪክ አድርጎ ከየመዝገቡ አስመሰከረው።

ዳትን እንከን የለሽ አድርጎ ማቅረብ ግን አይገባም። በወጣትነቱ የነቀፈውን የ1793ቱን ደንብ በእርጅናው አጥብቆ አመስግኖታል፤ ቤንጋልን ከከፋው ረሀብ የጠበቃት ግብሩ መወሰኑ ነው ብሎ። ባላባቱ ከጭሰኛው ላይ የሚወስደውን በመጽሐፉ ውስጥ ፈልጉት፤ መንግሥት ከሚወስደው አንጻር ሲታይ ቦታው ትንሽ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ የታሪክ ሊቃውንትም አንዳንድ ድምዳሜዎቹን ተከራክረውባቸዋል፤ የግብሩ ክብደት በየክፍለ ሀገሩ የተለያየ ነበር፣ የረሀቡም ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም ብለው። ደግሞም ዳት ነፃነት አልጠየቀም። የእንግሊዝ ሕዝብ እውነቱን ቢያውቅ ያስተካክለዋል የሚል እምነት እስከ መጨረሻው ነበረው። ያን ሁሉ ቁጥር የደመረ ሰው እንዴት እንዲህ አመነ? በእኔ አስተያየት ይህ እምነት ከልጅነቱ ምሽት፣ ከእነዚያ የእንግሊዝ ባለቅኔዎች ጋር የገባ ነው፤ በቀላሉ የሚወጣ አልነበረም።

በ1904 ዳት ከመጻፍ ወደ መሥራት ተመለሰ። የባሮዳ መስፍን ሳያጂራኦ ጋይክዋድ የግዛታቸው የገቢ ሚኒስትር እንዲሆን ጠሩት። ባሮዳ በእንግሊዝ የበላይነት ሥር ያለች ነገር ግን በአገሬው መስፍን የምትተዳደር አገር ናት። እንግዲህ ለሌላው ሲመክር የኖረ ሰው ራሱ ግብር ሰብሳቢ ሲሆን ምን ያደርጋል? ልዩ ልዩ ጥቃቅን ግብሮች እንዲቀሩና የመሬቱም ግብር እንዲቃለል አደረገ። እሱ እዚያ ሳለ፣ በ1906፣ መስፍኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በመላው ባሮዳ ነፃና ግዴታ እንዲሆን አዘዙ፤ ከ1893 ጀምሮ በአንድ አካባቢ ሲሞከር የቆየ ነገር ነው። እንግሊዝ በቀጥታ በምትገዛው ሕንድ ውስጥ ያን ጊዜ ይህ አልነበረም። በ1907 የእንግሊዝ መንግሥት የአስተዳደር ሥልጣን ወደ ታች ስለሚወርድበት ሁኔታ የሚያጠና ኮሚሽን ሲያቋቁም ከአባላቱ መካከል ሕንዳዊው ዳት ብቻ ነበር። በ1909 የባሮዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ውስጥ ሞሃንዳስ ጋንዲ ከለንደን ወደ ደቡብ አፍሪካ በመርከብ ሲመለስ «ሂንድ ስዋራጅ» የተባለውን ትንሽ መጽሐፉን ጻፈ፤ ቀኝ እጁ ሲደክመው በግራው እየጻፈ። እዚያ ላይ የዳትን የኢኮኖሚ ታሪክ ሲያነብ እንዳለቀሰ ይናገራል። ጽሑፉ በጋዜጣ የወጣው ዲሴምበር 1909 ነው። ሮሜሽ ቻንደር ዳት ግን አላነበበውም፤ ኖቬምበር 30 ቀን 1909 በ61 ዓመቱ፣ ሥራው ላይ እንዳለ፣ በባሮዳ ዐረፈ።